የገደል ማሚቶ ማን ነው? ሰውየው ወይስ ገደሉ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የቆየሁ አንባቢያችሁ ነኝ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስነሳኝም አንድ ቃል ነው።

ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በአስተያየት ገጻችሁ ላይ «ኢኮ ቻምበር» (የማሚቶ ክፍል፤ ሰዎች የራሳቸውን ሐሳብ እርስ በርስ የሚያስተጋቡበት ቦታ) የሚለው ቃል ሲመላለስ አያለሁ። አንዱ ጸሐፊ «እነዚህ ሰዎች ኢኮ ቻምበር ውስጥ ስለሆኑ እውነቱ አይገባቸውም» ይላል። በሚቀጥለው እትም መልስ የሚሰጠው ደግሞ «ኢኮ ቻምበር ውስጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል። ሁለቱም ቃሉን አልፈቱትም። እንደ ድንጋይ ነው የተወራወሩበት። የእኔ ሙያ ደግሞ ድምፅ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ድምፅ ስቀዳ፣ ስቆርጥና ሳስተካክል ኖሬያለሁ። ቃሉ ከእኛ ሙያ ነው የሄደው፤ ስለዚህ እያየሁ ማለፍ አቃተኝ።

በቅድሚያ ስለ እውነተኛው ክፍል ልንገራችሁ። ኢኮ ቻምበር ድሮ ምሳሌ አልነበረም። ግድግዳና በር ያለው ክፍል ነበር። ስቱዲዮ የሚሠራው ድምፅ እንዳያስተጋባ ተደርጎ ስለሆነ እዚያ የተቀዳ ድምፅ ደረቅ ይላል። ዘፋኙ ጆሮህ ሥር ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል እንጂ አዳራሽ ውስጥ የሚዘፍን አይመስልም። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን መፍትሔው እንዲህ ነበር፦ ግድግዳው ጠንካራና ልሙጥ የሆነ ባዶ ክፍል ታዘጋጃለህ፣ በአንድ በኩል ስፒከር፣ በሌላ በኩል ማይክ ታስቀምጣለህ፣ ደረቁን ድምፅ በስፒከሩ ትለቀዋለህ፣ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ይቆይና ማይኩ ይቀበለዋል፣ ያንን መልሰህ ከዋናው ጋር ትቀላቅለዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1947 ቢል ፑትናም የተባለ የድምፅ መሐንዲስ ቺካጎ ውስጥ መታጠቢያ ቤትን ለዚህ ሥራ ተጠቅሞበታል። ሆሊውድ ያለው የካፒቶል ስቱዲዮ ደግሞ ለዚሁ ተብለው ከመሬት በታች የተሠሩ ክፍሎች አሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ክፍሉ አንድም ቃል አይጨምርም። የሚመልስልህ የላክኸውን ብቻ ነው። ግን ድምፁ ከፊት፣ ከኋላና ከላይ ስለሚመጣ ትልቅ ይሆናል። ዘፋኙ ያው አንድ ሰው ነው፣ ሲሰማ ግን ቦታውን ሁሉ የሞላ ይመስላል። ለእኔ የምሳሌው ጉልበት ያለው እዚህ ጋ ነው። ኢኮ ቻምበር ውስጥ ያለ ሰው ብዙ ድምፅ የሰማ ይመስለዋል። የሰማው ግን አንድ ድምፅ ነው፣ ብዙ ጊዜ።

በአማርኛ ለዚህ የሚቀርብ ቃል አለን፤ የገደል ማሚቶ። እንዴት ያለ ውብ ቃል ነው። ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ ስትጣራ የራስህን ቃል የምትመልስልህ ማሚቶ። ግን እንዴት እንደምንጠቀምበት ተመልከቱ። «እሱ እኮ የገደል ማሚቶ ነው» ስንል የምንሰድበው ሰውየውን ነው። የራሱ ሐሳብ የሌለው፣ ሌላው ያለውን የሚደግም ማለታችን ነው። ኢኮ ቻምበር ግን ስለ ሰውየው የሚናገር ቃል አይደለም። ስለ ገደሉ ነው። ብልህ፣ የተማረና ቅን የሆነ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ብታስገባው የሚሰማው ያንኑ ነው፤ ችግሩ ያለው ጆሮው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ቃሉ ከገደሉ ወደ ሰውየው የዞረ ይመስለኛል። በገጻችሁ ላይ ስድብ ሆኖ የቀረውም ለዚህ ነው ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔም ገብቼበታለሁ።

የሙያ ባልደረቦች የምንገናኝበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። 60 የምንሆን ሰዎች ነን። ሁላችንም ውሎአችን ከድምፅ ጋር ነው፤ ይህቺን ያዙልኝ። አንድ ቀን ማታ 40 ሰከንድ የሚሆን የድምፅ ቅጂ ተለጠፈ። በሙያችን ውስጥ የሚታወቅ፣ ብዙዎቻችን ቀድሞም የማንወደው አንድ ሰው ስለ እኛ የሚያስነውር ነገር ሲናገር ይሰማል። ግሩፑ ተቀጣጠለ። «እኔ ድሮም ብያለሁ» የሚለው በዛ። ከዚያ አንዱ «እኔም ሌላ ቦታ ሰምቼዋለሁ» አለ። ሌላው «እኔም አንድ ወዳጄ ነግሮኛል» አለ። ሦስተኛው ተከተለ፣ አራተኛው ተከተለ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነገሩ በስድስት ምስክር የጸና ሆነ። ኋላ ሲታይ «ሌላ ቦታ» የተባለው ላይ የነበረውም ያው ቅጂ ነው። ወዳጅየው የነገረውም ያንኑ ቅጂ ሰምቶ ነው። ስድስት ምስክር አልነበረም። ስድስት ግድግዳ የመታ አንድ ፋይል ነበር።

ከመካከላችን አንድ ልጅ ብድግ አለ። ልጅ የምለው በዕድሜ ስለምበልጠው ነው፤ በሥራው ግን አንቱ የተባለ ነው። «22ኛው ሰከንድ ላይ ስሙት፣ የክፍሉ ድምፅ ይለወጣል፣ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው» ብሎ ጻፈ። ለማያውቀው አንባቢ ላብራራ። ማንም ሳይናገር እንኳ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ድምፅ አለው። የአየሩ፣ የመብራቱ፣ ከሩቅ የሚሰማው የመኪናው። በሁለት ቦታ ወይም በሁለት ጊዜ የተቀዳ ንግግር ሲገጣጠም ይህ ከሥር ያለው ድምፅ መሃል ላይ ዘሎ ይቀየራል። የተናጋሪው ትንፋሽም ሳይጨርስ ይቆረጣል። እኛ እንጀራችን ይህንን መስማት ነው። 60 የሠለጠነ ጆሮ ባለበት ቦታ ይህ የሚያመልጥ ነገር አልነበረም።

የተሰጠው መልስ ግን ስለ 22ኛው ሰከንድ አልነበረም። «ማን ልኮህ ነው?» «ስንት ተከፈለህ?» «ድሮም የሱ ሰው እንደሆንክ እናውቃለን።» ቅጂውን ደግሞ ያዳመጠ ሰው መኖሩን እንጃ። በነጋታው አድሚኑ ከግሩፑ አስወጣው።

እኔ ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ቁርጡ ይሰማል። ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ሲከነክነኝ ቆየ። ስለዚህ ቃል የተጻፈውን ማንበብ የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው። ካነበብኩት ሁሉ ዓይኔን የገለጠልኝ ንጉየን የተባለ የፍልስፍና ምሁር እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጽሑፉ ያስቀመጠው ልዩነት ነው። እሱ እንደሚለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገን እየጠራን ነው የተምታታብን። አንደኛው አረፋ ነው። አረፋ ውስጥ ያለ ሰው የሌላው ወገን ድምፅ አይደርሰውም፤ በቃ አልሰማም። ሆን ብሎም ላይሆን ይችላል። ጓደኞቹ ሁሉ እንደሱ የሚያስቡ ስለሆኑ ወይም ስልኩ የሚያሳየው ያንኑ ስለሆነ ነው። ኢኮ ቻምበር ግን ሌላ ነው። እዚያ ያለ ሰው የሌላውን ወገን ድምፅ በደንብ ይሰማል። እንዲያውም ሌት ተቀን ሊሰማው ይችላል። ግን ከመስማቱ በፊት «እነሱ ውሸታም ናቸው፣ ተከፍሏቸው ነው፣ ሊያጠፉን ነው የሚፈልጉት» ተብሎ ተነግሮታል። ስለዚህ ጆሮው ይሰማል፣ ልቡ አይቀበልም።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አረፋ ቶሎ ይፈነዳል። ያልሰማውን ታሰማዋለህ፣ «ለካ እንዲህ ነው!» ይልሃል። ኢኮ ቻምበር ላይ ግን ማስረጃ ይዘህ ስትሄድ ማስረጃው ራሱ ግድግዳውን ያጠነክረዋል። «ይኸው፣ እንዲህ እንደሚሉ ተነግሮን ነበር» ይባላል። የእኛ ግሩፕ የትኛው እንደነበር ከዚህ በኋላ ለእኔ ግልጽ ሆነ። መረጃው አልጎደለንም። 22ኛው ሰከንድ በእያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ ነበር። የጎደለው ተናጋሪውን ማመን ነው።

ታዲያ በገጻችሁ ላይ ደጋግሜ የማየው መድኃኒት «ሁለቱንም ወገን አዳምጡ» የሚል ነው። ለአረፋ ይሠራል። ለኢኮ ቻምበር ግን ሰው እንደሚያስበው አይሠራም፣ አንዳንዴም ይባሱን ያከረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ በክሪስ ቤይል የተመራ ጥናት ታትሞ ነበር። አጥኚዎቹ ትዊተር የሚጠቀሙ ዴሞክራቶችና ሪፐብሊካኖችን ገንዘብ እየከፈሉ ከእነሱ ተቃራኒ የሆነ አመለካከት የሚለጥፍ አካውንት ለአንድ ወር እንዲከተሉ አደረጉ። ከወሩ በኋላ ሪፐብሊካኖቹ ከቀድሞው ይበልጥ ወደ ወግ አጥባቂነት ሄደው ተገኙ። ዴሞክራቶቹም ወደ መሃል አልመጡም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2020 የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ከ23 ሺህ በላይ ሰዎች ፌስቡክ ላይ ከመሰሎቻቸው የሚደርሳቸው ጽሑፍ በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንዲቀንስ አድርጎ ነበር። የሰዎቹ አመለካከት ላይ የሚለካ ለውጥ አልታየም። የሚያነቡትን መለወጥ ይቻላል። ማንን እንደሚያምኑ መለወጥ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ «አልጎሪዝሙ (ስልካችን ላይ የምናየውን የሚመርጥልን ስሌት) ነው ያበላሸን» የሚለውም ለእኔ ግማሽ መልስ ነው። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ካስ ሰንስታይን እ.ኤ.አ. በ2001 ስለዚህ አደጋ ሲያስጠነቅቅ ዛሬ የምናውቃቸው ማኅበራዊ ሚዲያዎች ገና አልተፈጠሩም ነበር። አሜሪካዊው ጸሐፊ ኢላይ ፓሪሰር እ.ኤ.አ. በ2011 ማሽኖቹ በራሳቸው እየመረጡ በአረፋ ውስጥ እንደሚከቱን ጻፈ፤ ወሬው ከዚያ ወዲህ ነው ሁሉ ወደ ማሽኑ የዞረው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 10 ሚሊዮን በሚሆኑ አሜሪካውያን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ከማሽኑ ይልቅ የሰዎቹ የራሳቸው ምርጫ ተቃራኒ ሐሳብ እንዳያገኙ ያደርጋል ብሏል። አጥኚዎቹ የዚያው የፌስቡክ ሠራተኞች ስለነበሩ አንባቢ ይህንንም አውቆ ይመዝነው። ለማንኛውም የእኛን ልጅ ከግሩፑ ያስወጣው አልጎሪዝም አልነበረም። የሰው ጣት ነው።

አሁን ደግሞ እንደ ድምፅ ሰው አንድ ቅሬታ አለኝ። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል። እውነተኛ ማሚቶ እየደከመ ነው የሚሄደው። የትኛውም ክፍል ውስጥ፣ የትኛውም ገደል ውስጥ፣ ድምፁ በተላተመ ቁጥር ጉልበት ያጣል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይሞታል። የሰዎች ኢኮ ቻምበር ግን አይደክምም። ይጨምራል። ይህ በእኛ ቋንቋ ማሚቶ ሳይሆን ፊድባክ ነው። ማይኩን ወደ ስፒከሩ ሲያስጠጉት የሚሰማውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን ይሰማል፣ መልሶ ይልከዋል፣ ስፒከሩ አጉልቶ ያወጣዋል፣ ማይኩ ደግሞ የጎላውን ይሰማል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ጆሮ እስኪበጥስ ይጮኻል። መጀመሪያ የገባው ድምፅ ሹክሹክታ ሊሆን ይችላል። የጮኸው ማንም አልነበረም።

ሰዎች ላይ ይህ እንደሚሆን በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ከሁለት ከተሞች ሰዎች ተመረጡ። አንደኛዋ ቦልደር ናት፣ ወደ ግራ የምታዘነብል። ሌላዋ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ናት፣ ወግ አጥባቂዎች የሚበዙባት። እያንዳንዱን ሰው መጀመሪያ ለብቻው ሐሳቡን ጠየቁት። ከዚያ ከከተማው ሰዎች ጋር ብቻ በትንንሽ ቡድን ተቀምጦ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ሌሎች ሁለት አከራካሪ ጉዳዮች እንዲወያይ አደረጉት። ከውይይቱ በኋላ መልሰው ለብቻው ጠየቁት። የቦልደር ሰዎች ይበልጥ ወደ ግራ፣ የኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሰዎች ይበልጥ ወደ ቀኝ ሄደው ተገኙ። በየቡድኑ ውስጥ የነበረው ልዩነትም ጠበበ። ማንም አልዋሻቸውም። ማንም ከውጭ ገብቶ አልሰበካቸውም። እርስ በርስ ተነጋገሩ፣ በቃ።

መደጋገምም የራሱ ጉልበት አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሦስት ተመራማሪዎች ለተማሪዎች እውነትም ሐሰትም የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ አሰሟቸው። የተደጋገሙት ዓረፍተ ነገሮች፣ ሐሰት የሆኑትም ጭምር፣ በየጊዜው ይበልጥ እውነት እየመሰሉ ሄዱ። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ችግሩ የተደጋገመ ወሬ ለጆሮ የተጣራ ይመስላል። እኛ ግሩፕ ውስጥ ማንም «አላጣራሁም» ብሎ አላሰበም። ስድስት ቦታ ሰምቶታላ!

ግን ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ እንዳንሄድ እፈራለሁ። የተስማሙ ሰዎች ሁሉ ኢኮ ቻምበር ውስጥ አይደሉም። ምድር ክብ መሆኗ ላይ ሳይንቲስቶች ይስማማሉ። የተስማሙት ግን አንዱ ያንዱን ልኬት ለመጣል ሲሞክር ኖሮ፣ በተለያየ መሣሪያ፣ በተለያየ ቦታ ለየብቻ ለክተው ነው። ስድስት ምስክር ማለት ይህ ነው። ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ ልጅ የሞተባቸው ወላጆች፣ ከሱስ ለመውጣት የሚታገሉ ሰዎች እርስ በርስ ብቻ የሚያወሩበት ቦታ ሲያበጁም «ኢኮ ቻምበር ነው» ማለት ግፍ ነው። ሰው የሚረዳው ሰው መሃል ማረፍ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታንያ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ላይ የወጣ አንድ ጥናትም ለፖለቲካ ፍላጎት ያላቸውና የተለያዩ ሚዲያዎችን የሚከታተሉ ሰዎች ኢኮ ቻምበር ውስጥ የመግባት ዕድላቸው አነስተኛ ነው፣ ነገሩ ተጋንኗል ብሏል። እኔም ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ አይውልም ብዬ አምናለሁ። ቤቱ፣ ሥራው፣ ጎረቤቱ አለ።

እኔ አሁን አንድን ቡድን ሳይ የአባላቱን መመሳሰል አልቆጥርም። ጥያቄ የጠየቀውን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ነው የማየው። ጥያቄውን ይመልሳሉ ወይስ ጠያቂውን ይመረምራሉ? ወጥቶ የሄደ ሰውስ ሰላም ይባላል ወይስ ከዳተኛ ይሆናል? እነዚህ ሁለቱ ብዙ ይነግሩኛል። የራሴን ወገን ስመዝንበት ደግሞ ያማል፣ ግን ይሠራል።

አሁን ወደ ገጻችሁ ልመለስ። አንድ ጸሐፊ «እነሱ ኢኮ ቻምበር ውስጥ ናቸው» ብሎ ሲጽፍ ለራሱ ወገን የሚናገረው ምንድን ነው? «የሚሉትን መስማት አያስፈልግም፣ የሚናገሩት አስበውበት አይደለም፣ ያው የገደል ማሚቶ ናቸው» ነው። ይህ እኮ ኢኮ ቻምበር የሚሠራበት ሲሚንቶ ነው። የሌላውን ቃል ከመስማት በፊት ዋጋ ማሳጣት። ቃሉ የተፈጠረው ይህንን እንድናይበት ነበር፣ እኛ ግን ይህንኑ ልንሠራበት ያዝን። የእኛ ግሩፕ ሰዎች ልጁን «የሱ ሰው ነህ» ሲሉት ያደረጉትና ጸሐፊዎቻችሁ በዚህ ቃል የሚያደርጉት ለእኔ አንድ ነው። በጨዋ አማርኛ ስለተጻፈ አይለይም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አለ። ቃሉን አትከልክሉ፤ ጥሩ ቃል ነው፣ ያስፈልገናል። ግን አንድ ጸሐፊ ሲጠቀምበት «ግድግዳው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ማን ነው ጥያቄ ጠይቆ የተባረረው? የትኛው ዜና ነው ከአንድ ቦታ ወጥቶ አሥር ቦታ የተደገመው? ይህንን ማሳየት ካልቻለ፣ ያልተስማማሁበትን ሰው መስደቢያ አጥቼ ነው ማለቱ ነውና ቃሉን ሰርዙበት። በዚያ ስም የተጠሩት ሰዎች መልስ ሲልኩ ደግሞ እንደ ጸሐፊው በእኩል ቦታ አትሙላቸው።

ሁለተኛው ልመናዬ የበለጠ እናንተን ይመለከታል። «የተለያዩ የዜና ምንጮች እንደዘገቡት» የምትለዋን ሐረግ እባካችሁ ፈትሿት። ብዙ ጊዜ ተከታትዬ አይቻለሁ፣ የናንተ ጋዜጣ ብቻ አይደለም፣ የተለያዩ የተባሉት ምንጮች ሁሉ አንዱን ጠቅሰው የጻፉ ናቸው። ያ አንዱ ደግሞ ስሙ ያልተጠቀሰ ሰው ነግሮት ነው። አምስት ድረ ገጽ ስለጻፈው አምስት ምንጭ አይሆንም። አንድ ከሆነ «አንድ ምንጭ ነው፣ ሌሎቹ ከሱ የወሰዱ ናቸው» በሉን። አንባቢ ይህን ለማወቅ ጆሮ ማዳመጫ የለውም፤ እናንተ ግን አላችሁ።

በመጨረሻ ስለ ዝምታዬ። ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሠራው ሙከራ አለ። አንድ ሰው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይቀመጥና ከሦስት መስመሮች መካከል የትኛው ከተሰጠው መስመር ጋር እኩል እንደሆነ ይጠየቃል። መልሱ ለዓይን ግልጽ ነው። ሌሎቹ ግን ከአጥኚው ጋር የተስማሙ ስለሆኑ ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ከአራት ሰው ሦስቱ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይኑ የሚያየውን ትቶ እነሱን ተከትሏል። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን እንዲናገር ሲደረግ ግን ስህተቱን የሚከተሉት እጅግ ቀነሱ። አንድ ሰው ብቻ። ይህን ሳነብ ረጅም ሰዓት ተቀምጬ ቀረሁ። ልጁ ያን ቀን የሚያስፈልገው አንድ ሰው ነበር። እኔ ሰምቼ ነበር። ጆሮዬ የሰማውን 60 ሰው ስለፈራሁ አልተናገርኩም።

ባለፈው እሁድ ደወልኩለት። ሰላም አለኝ፣ ቤተሰብ ጠየቀኝ፣ ስለ ሥራ አወራን። ከዚያ ቁርጡን እኔም ሰምቼው እንደነበር ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ ታዲያ ያኔ ለምን እዚያው አልጻፉትም?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ዛሬ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ግሩፑ ውስጥ ገብቼ ጻፍኩት። «ያ ቅጂ 22ኛው ሰከንድ ላይ የተቆረጠ ነው። ያኔም ሰምቼው ነበር። ልጁ ልክ ነበር፤ ይመለስ።» እስካሁን 31 ሰው አይቶታል። በግሩፑ ላይ የመለሰ የለም። አንድ ሰው ግን በውስጥ መስመር «እኔም ሰምቼው ነበር» ብሎ ጽፎልኛል። እዚያው ግሩፑ ላይ እንዲጽፈው ጠይቄዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ድምፅ ሠሪ የሆነ አንባቢያችሁ